ከፊት የሚከፈት ሹራብ

«የልጄን ሹራብ ከፊት ለፊት የሚከፈት ያድርጉልኝ፤ በቁልፍ» አለች የወንድሟ ሚስት በስልክ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ የሱቋን መዝጊያ ወደ ላይ ገፍታ ገና አልጨረሰችም። «እጅጌው ደግሞ እስከ አንጓዋ ይድረስ። ብብቱ ጋ ሰፋ ቢልልኝ ደስ ይለኛል፣ እትዬ።» ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ አፏን በእጇ ከልላ የምታወራ ይመስላል። ሰፊዋ ልትመልስላት ስትል ወዲያ ማዶ በር ሲከፈት ተሰማ፤ የሴትየዋም ድምፅ ወዲያው ደመቀ። «እሺ እትዬ፣ አሥር ሰዓት ላይ እንጠብቅዎታለን፣ ቻው» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሰፊዋ ስልኩን እያየች ሳቀች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የስፌት መኪና ፊት ተቀምጣለች፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚያዝዘው ስለ ሹራብ ጨርቅ ምንም የማያውቅ ሰው ብቻ መሆኑን አላጣችውም። የሚለጠጥ ጨርቅ ከቁልፍ ጋር አይስማማም። ቀዳዳው ሁለት ጊዜ ሲታጠብ አፉን ይከፍታል፣ ጠርዙም እንደ ሰላጣ ቅጠል ይጨማደዳል፤ ሰው የሚያማው ደግሞ የለበሰውን ሳይሆን የሰፋውን ነው። ሹራብ በራስ ይጠለቃል፣ አለቀ። በዚህ ሰው በቁሙ በሚቀቀልበት ሙቀት እስከ አንጓ የሚደርስ እጅጌ ማዘዝስ ምን የሚሉት ነው። የወንድሟ ሚስት ዲፕሎማ አላት፣ ቢሮ ነው የምትሠራው፣ ስለማታውቀውም ነገር ሁሉ ሐሳብ አላት። ለሰፊዋ ግን የሴትየዋ ምክር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእጅ አይሻል ዶማ ነበር። ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም። ሲገናኙ ስለ ጤና ይጠያየቃሉ፣ ስለ ሙቀቱ ያወራሉ፣ ከዚያ አንዷ ዕቃ ልታጥብ ትነሣለች።

ወንድሟን ግን አንስታ አትጠግበውም። እናታቸው ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ ነበር፣ እሷ አሥራ ስድስት፤ አባታቸው ከዚያ በፊት ቆይቷል ከሄደ። አጥባ፣ አብልታ፣ አስተምራ፣ ድራዋለች። ዛሬ መኪና መንዳት ያስተምራል፤ ተማሪ ማርሽ ሲያንኳኳበትና ግድግዳ ሊገጭበት ሲል እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም ይሉታል። ሰፊዋ ይህን የነገራትን ሰው ሁሉ ለሱሪ እጥፋት ሳታስከፍል ትሸኘዋለች። እሷ ሳታገባ ቀረች። ሰው በሱ ምክንያት ነው ይላል፤ እሷ ደግሞ የሚረባ ወንድ ስላልመጣ ነው ትላለች፤ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። የወንድሟ ልጅ ዛሬ ሰባት ዓመት ይሞላታል። ሰፊዋ «ድንቡሼ» ነው የምትላት፤ በሕፃንነቷ ጉንጯ ከትከሻዋ ያልፍ ነበር። በየልደቷ አንድ ሹራብ ትሰፋላታለች። የየዓመቱ የወረቀት ቅድ፣ ጨርቁ የሚቆረጥበት ልክ፣ ከስፌት መኪናዋ በላይ ባለው ሚስማር ላይ ተደራርቦ ተሰቅሏል፤ ትልቁ ከላይ፣ ትንሹ ከታች።

ልጅቱን ካየቻት ሁለት ወር ሆኗታል። እሁድ በመጣ ቁጥር ልትሄድ ስትል ወንድሟ ይደውልና ወይ ጉንፋን ይዟታል፣ ወይ እንግዳ አለብን ይላታል፤ እሷም እሺ ብላ ሱቋን ታጸዳለች። ስለዚህ ዛሬ የምትለካት ልጅ የለችም። ያለፈውን ዓመት ቅድ አወረደች፣ ዙሪያውን ሁለት ጣት ጨመረችበት፣ ቁመቱን ሦስት ጣት፤ ልጅ በዓመት የሚያድገው ይህን ያህል ነው፤ እስከ ዛሬም ተሳስታ አታውቅም። ጨርቁን ትናንት አጥባ፣ አድርቃ፣ ሳይጎተት እንዲያርፍ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታው ነበር ያደረችው። ቢጫ ነው፣ ስስ ነው፣ ሲነኩት የጆሮ ጫፍ ይመስላል። ከገበያ አንድ ሜትር ከሩብ ስትገዛ ሻጩ ዋጋ ሲነግራት በሽያጭ ሳይሆን በግፍ ነው የምትኖረው ብላ ሰድባው፣ ከዚያ ያለውን ከፍላለች። የመኪናዋን መርፌ አውጥታ ጫፉ ድቡልቡል የሆነውን አስገባች። ሹል መርፌ የሹራብን ክር ይበጥሳል፤ ዱልዱሙ ግን በክሮቹ መሀል አሳብሮ ያልፋል።

ለአንገቱ የሚሆን ቢጫ ክር ስላነሳት አጠገቧ ወዳለው ኪዮስክ ሄደች። ባለቤቱ ክርና ቁልፍ የሚሸጥ ሽማግሌ ነው፤ ሰፈሩ «ቁልፌ» ይለዋል።

«ቁልፍ ያለው ሹራብ አዝዛኝ ነበር የወንድሜ ሚስት» አለችው ለመሳቅ። «ከፊት የሚከፈት።»

«ይኸው ቁልፍ» አለ ቁልፌ ሳጥኑን እየጎተተ። «የዳክዬ ቅርጽ ያለው አለኝ፣ የኮከብ አለኝ። ሥራ ያምጣልሽ እንጂ ምን አስቆጣሽ?»

«ሹራብ ላይ ቁልፍ አይሆንም። አንተ ታውቃለህ።»

«አይሆንም» አለ። ክሩን በወረቀት እየጠቀለለ ትንሽ አሰበ። «እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ደረጃ ላይ ወድቃ ትከሻዋ የወለቀ ጊዜ ከፊት የሚከፈት ብቻ ነበር የምናለብሳት። እጇን ወደ ላይ ማንሳት አትችልማ። ልጅቷ ደህና ናት?»

«ምን ትሆናለች፣ ደህና ናት» አለች ሰፊዋ። የቁልፌ ነገር ዞሮ ዞሮ ቁልፍ መሸጥ ነው ብላ ወደ ሱቋ ተመለሰች።

እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ትከሻውን ገጠመች፣ እጅጌውን ከብብቱ ጋር አዋሐደች፣ ጎኑን ዘጋች። እጅጌውን አሳጠረችው፤ በዚህ ሙቀት ክርን ላይ ቢቆም ይበቃል። የአንገቱን ቀለበት ከአንገቱ ቀዳዳ አሳጥራ ቆረጠችና እኩል እየሳበች ሰፋችው፤ ሹራብ አንገት ላይ ተኝቶ እንዲቀመጥ የሚያደርገው ይህ ነው፣ ጀማሪ አይችልበትም። ቆንጆ ሆነ። ጠበብ ብሏል፣ ግን ይለጠጣል፤ ራሷን አስገብታ ብትስበው እሺ ይላል። ያኔ የወንድሟ ሚስት ትዝ አለቻትና እንዳትጠብቅ ልንገራት ብላ ደወለች።

ያነሳው ወንድሟ ነው። «እቴቴ» አለ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ። «እሷ ወጥ ቤት ናት። ምን ልንገርልሽ?»

«ቁልፉ እንደማይሆን ንገርልኝ። ሹራብ በቁልፍ አይሰፋም በላት፣ እንዳትቀየመኝ።»

ሰፊዋ ስልኩ የተቋረጠ መስሏት ከጆሮዋ አንስታ አየችው።

«ቁልፍ አድርጊ አለችሽ?» አለ ወንድሟ።

«ከፊት የሚከፈት አለችኝ። እጅጌውም ረዥም።»

«መቼ ነው የነገረችሽ?»

«ጠዋት ደውላ።»

«ጠዋት» አለ። «አንቺ እንደ ወትሮሽ አድርጊው። እሷን ተያት።» ስልኩን ሲዘጋው ደህና ሁኚ አላለም፤ እሱ ደግሞ ደህና ሁኚ ሳይል የሚዘጋ ሰው አይደለም። ሰፊዋ የታችኛውን እጥፋት ለመስፋት ተቀመጠች፣ ግን እጇ ጨርቁን ሳበውና ስፌቱ ተወላገደ። ፈትታ እንደገና ሰፋችው። በሥራ ዘመኗ አንድ እጥፋት ሁለት ጊዜ የሰፋችበትን ቀን አታስታውስም።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ካውያ አስነክታው፣ በወረቀት ጠቅልላ፣ ከትንሿ የክር መቀስዋ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወንድሟ የሚኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ጠባብ፣ መብራቱ የተቃጠለ። ሦስተኛው ላይ ቆማ ትንፋሿን ስትሰበስብ ከላይ የሙዚቃ ድምፅ ሰማች፣ የልጅ ድምፅ ግን አልሰማችም። በሩን ወንድሟ ከፈተላት፣ ጉንጯን ሳማት፣ ቦርሳዋን ተቀበላት። ሳሎኑ እንደ ወትሮው ንጹሕ ነበር። ሶፋው ላይ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ብስኩት ይዛ ተቀምጣለች፤ ሁለት ልጆቿ ምንጣፉ ላይ ፊኛ ይገፋሉ። ግድግዳው ላይ አራት ፊኛ ተለጥፏል፣ ጠረጴዛው ላይ ስም የተጻፈበት ኬክ አለ። የወንድሟ ሚስት ከወጥ ቤት ብርጭቆ ይዛ ወጣች። ሰላም አለቻት፣ ዓይኗን ግን አላሳየቻትም። የሴትየዋ ስልክ፣ ያ ቀይ ልባስ ያለው፣ በባሏ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ነበር።

ድንቡሼ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ድንቡሼ መባል የነበረባት ድሮ ነው፤ ጉንጯ ወርዷል። እስከ አንገቷ ድረስ የተቆለፈ ወፍራም የሱፍ ልብስ ለብሳለች፣ ግንባሯን አልቦታል፣ ግራ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በቀኟ ይዛዋለች። አክስቷ ስትመጣ ሮጣ ወገቧ ላይ የምትጠመጠም ልጅ ነበረች። አሁን ፈገግ ብላ እዚያው እንደተቀመጠች ቀረች።

«አክስትሽ ያመጣችልሽን አታዪውም?» አለ አባቷ።

ወረቀቱን በአንድ እጇ ፈታችው። ጎረቤቲቱ «ውይ፣ ሲያምር፣ የሱቅ ነው የሚመስለው» አለች። ሰፊዋ የሱቅ ነው የሚመስለው ሲሏት እንደ ስድብ ነው የምትቆጥረው፤ ዛሬ ግን አልሰማችውም።

«ነገ ትለብሰዋለች» አለች የወንድሟ ሚስት ፈጠን ብላ። «ኬክ ያስነካዋል።»

«ለምን ነገ?» አለ ወንድሟ። «አክስቷ ስንት ደክማበታለች። ልጅቷ ምንም የሆነችው ነገር የለም። አሁን ትለብሳለች።» ሚስቱን እያየ ነው የተናገረው። ሰፊዋ በዚያ ቤት ውስጥ ከሷ በቀር ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር እንዳለ ያን ጊዜ ገባት። የልጅቱን ቀኝ እጅ ይዛ ወደ መኝታ ቤት ወሰደቻት።

የሱፉን ልብስ ቁልፍ እየፈታች አወለቀችላት። ከውስጥ ሰፊ ካናቴራ አለ፤ ግራ እጇ በእጅጌው አልወጣም፣ ካናቴራው ውስጥ ደረቷ ላይ ተቀምጧል። «በላዩ ላይ አድርጊልኝ» አለች ልጅቱ። ሰፊዋ አላሰበችም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ልብስ ያለካ እጅ ከባለቤቱ ቀድሞ ይሠራል፤ አንገቱን ለጥጣ ራሷን አስገባች፣ ቀኝ እጇንም አስገባች፣ ከዚያ የግራውን ክርን ከካናቴራው አውጥታ ወደ ላይ ሳበችው።

ልጅቱ አልጮኸችም። ሰፊዋን ያስደነገጣት እሱ ነው። ይህች ልጅ ባለፈው ዓመት ስፒል ጫር ቢያደርጋት ሰፈሩን ያስነሳች ናት። አሁን ፊቷ ቢጫው ጨርቅ ውስጥ እንዳለ ገላዋ በሙሉ ደረቀ፣ ትንፋሿ ቆመ፤ ከዚያ በቀጭን ድምፅ «አክስቴ፣ ይሄኛው ወደ ላይ አይሄድም» አለች። ሰፊዋ መልሳ ልታወልቀው ሞከረች፣ ግን ሹራቡ ክርኗን ከደረቷ ጋር ጠፍሮ ይዞታል፤ ያን ያህል የተጠበበችበት አንገት ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄድ አለ። በጨርቁ ላይ እጇን ስታሳርፍ የልጅቱ ክንድ እሳት ነበር፣ ያበጠም ነበር። መቀስዋን አወጣች። ከታችኛው እጥፋት ጀምራ፣ ሁለት ጊዜ የሰፋችውን፣ እስከ አንገቱ ድረስ ከፊት ቀደደችው። ካናቴራውንም ቀደደችው።

ክንዷ ከትከሻዋ ሥር ጠቁሮ ነበር። ጠርዙ ወደ አረንጓዴና ቢጫ ዞሯል። የአራት ጣት ምልክት አለ፤ የትልቅ ሰው ጣት፣ የአውራ ጣቱም ከወዲያ በኩል። ሰፊዋ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ቀና ስትል ወንድሟ በሩን ሞልቶ ቆሟል።

«ከወንበር ወድቃ ነው» አለ። «ወሬ እንዳታደርጊው፣ እቴቴ። ሰው አለ።»

«ይሄ የወንበር ነው?»

«ንገሪያት» አላት ልጁን፣ ድምፁ እንደ ቅቤ የለሰለሰ።

«ከወንበር ወድቄ ነው» አለች ልጅቱ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ወንበር ላይ አይቆምም።»

«መቼ ነው የወደቅሽው፣ የኔ እናት?»

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ቀድሞ አልተነገራትም ነበር፤ መልሱን ፍለጋ አባቷን አየች።

«ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ» አለች ሰፊዋ።

«ነገ እኔ እወስዳታለሁ።»

«አሁን ነው የምወስዳት።»

ወንድሟ ከበሩ አልተነቃነቀም። «እኔስ በምን አደግኩ?» አለ ቀስ ብሎ። «ያንቺ ማስመሪያ ስንት ጊዜ ነው ጀርባዬ ላይ የተሰበረው? ሰው ሆንኩ እንጂ ምን ሆንኩ?»

ውሸቱን አልነበረም። ሁለት ማስመሪያ ተሰብሯል። በሠርጉ ቀን ለሙሽራዋ ዘመዶች እንደ ቀልድ አውርታላቸው፣ እሱም አብሮ ስቆ ነበር። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ደክሟት ነበር፣ ሌላ ማሳደጊያ አታውቅም ነበር፤ ይህን ሁሉ ልትለው ትችላለች። አሁን ግን ፊቱን ስታየው ያሳፈራት ነገር ከሁሉም ይከብድ ነበር፣ እዚያው ብትሞት ደስ ባላት። «አጥፍቻለሁ» አለች። «ያኔ አንተንም ከእጄ ነጥቆ ሐኪም ቤት የሚወስድህ ሰው መኖር ነበረበት። ዞር በል።»

«ምን ተፈጠረ?» አለች ጎረቤቲቱ ከሳሎን።

ወንድሟ ፊቱን ወደ ሳሎኑ ሲያዞር ፈገግ ብሎ ነበር። «ምንም፣ እጇን ትንሽ አሟት ነው» አለና ሰው ፊት በር ዘግቶ የሚቆም ሰው አለመሆኑን ለማሳየት አንድ እርምጃ ሸሸ። በዚያ ክፍተት ሚስቱ የልጅቱን ጫማ ይዛ ገባች። ተንበርክካ ማሰሪያውን እያሰረች፣ ከንፈሯን ሳታላቅቅ «ክንዷን ብቻ አይደለም፣ አንገቷ ሥርም ያሳዩልኝ» አለች። ከዚያ ተነሥታ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «እርስዎ ይሂዱ፣ እትዬ። እኔ ለእንግዶቹ ኬኩን እቆርሳለሁ።» ሰፊዋ ነጠላዋን በልጅቱ ላይ ጣለችና ወጡ። ጎረቤቲቱ ብስኩቷን ስታይ ቀረች፤ ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

ታክሲ ውስጥ ልጅቱ በመስኮት ታያለች። «እማዬ ስለ ቁልፉ ስለነገረችሽ ተቀጣች» አለች መሀል ላይ፣ እንደ ማንኛውም ወሬ። «ምሳ ሰዓት ላይ። አንቺ ከደወልሽ በኋላ።» በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያቺ ሴት አንድ ነገር ለመነቻት፤ እሷ ደግሞ ስለ ስፌት ላስተምራት ብላ ለማይነገረው ሰው ነገረችባት። በገዛ ምላሷ። የልጅቱን ደህና እጅ ይዛ እስኪደርሱ ድረስ አለቀሰች፣ ሹፌሩም በመስታወት እያየ ራዲዮውን ቀነሰው።

ሐኪም ቤት ራጅ ካነሷት በኋላ አንዲት ነርስ በትንሽ ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ወጣት ናት፣ ዓይኗ ግን ብዙ ያየ ነው። የልጅቱን ክንድ በጨርቅ አንጠልጥላ አሰረችላት፣ ከረሜላ ሰጠቻት፣ ከዚያ ወንበሯን ወደ ሰፊዋ አስጠጋች። «ክንዷ ከተሰበረ አምስት ስድስት ቀን ሆኖታል» አለች ዝቅ ብላ። «አንገቷ ሥር ያለው አጥንት ደግሞ ከዚያ በፊት ተሰብሮ ያለ ሐኪም ገጥሟል። ጠሞ ነው የገጠመው። ወር ከምናምን ይሆነዋል።» ሰፊዋ ሳትሄድ የቀረችባቸውን እሁዶች ቆጠረች። ጉንፋን የያዛትን እሁድ፣ እንግዳ የመጣበትን እሁድ። ሱቋን ስታጸዳ የዋለችባቸው ናቸው።

ነርሷ ወረቀት አወጣች። «ማን እንዳደረገው ካወቁ መጻፍ አለብኝ» አለች። «የምጽፈው ለሚመለከተው አካል ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አልተናገርኩም ማለት አይቻልም።»

የክፍሉ በር ላይ ወደ ኮሪደሩ የሚያሳይ አንድ መስታወት አለ። በመስታወቱ ውስጥ ወንድሟ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። መቼ እንደደረሰ አላየችውም። ጸጉሩን አበጥሯል፣ ጉልበቱ ላይ በሶፍት የተሸፈነ የኬክ ሳህን ይዟል፤ አጠገቡ ያሉ አሮጊት አንድ ነገር ሲሉት ጎንበስ ብሎ በትሕትና ያዳምጣቸዋል። አራት ዓመቱ ላይ፣ እናታቸው በተቀበረች ማግስት፣ እንዲሁ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እንድታስርለት ይጠብቃት ነበር። በዓለም ላይ ያላት ሰው እሱ ነው። አንድ ቃል ብትናገር ያ ይቀራል፤ ባትናገር ደግሞ የሚመጣውን ዓመት ቅድ የምታዘጋጅላት ልጅ መኖሯን እርግጠኛ አልነበረችም።

«አውቀዋለሁ» አለች። «አባቷ ነው። እኔ ነኝ ያሳደግኩት፣ ወንድሜ ነው። ውጭ ተቀምጧል፣ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰው።»

ነርሷ ጻፈች። ሰፊዋ ስሙን ፊደል በፊደል ነገረቻት። ከዚያ ነርሷ ተነሥታ፣ ወደ ኮሪደሩ ሳታይ፣ በሩን ከውስጥ ቆለፈችውና ስልክ አነሣች።

«አባዬ አይገባም?» አለች ልጅቱ ከረሜላዋን ጉንጯ ውስጥ አድርጋ።

«አይገባም» አለች ሰፊዋ።

ልጅቱ የተቆለፈውን በር ትንሽ አየችው።

«ማታስ?» አለች።